የዋጡት ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። የሚያጠነጥኑትም በዘር በሚተላለፍ የስብ አለመመጠጥ ችግርና በቫይታሚን አሰጣጥ ላይ ነው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም። የምንጠቅሳቸው መጠኖች ከሐኪም ጋር ለመነጋገሪያ እንጂ በራስ ለማዘዣ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ። ሰገራዋ ቅባት የበዛበትና ክፉኛ የሚሸት፣ ሆዷም የተነፋ ስለነበር አራት ጊዜ «ጃርዲያ ነው» ተብሎ መድኃኒት ወስዳለች። በመጨረሻ ኤቤታሊፖፕሮቲኔሚያ (ስብ ከአንጀት ወደ ደም የማያልፍበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ነው ተባለ። 10 ኪሎ ትመዝናለች። በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ታዘዘላት፤ ባለ 400 አምስት እንክብል ማለት ነው። መድኃኒት ቤት «ይህ ለትልቅ ሰውም ይበዛል፣ ተሳስተው ይሆናል» አሉኝ። ፈርቼ አንድ ብቻ እየሰጠኋት ነው። ልክ ነኝ?
እናት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ መጠኑ ትክክል ነው። ለዚህ በሽታ ቫይታሚን ኢ በአፍ የሚታዘዘው በኪሎ ከ100 እስከ 300 ዩኒት በቀን ነው። ለ10 ኪሎ ልጅ ከ1,000 እስከ 3,000 ይሆናል፤ ለልጅዎ የታዘዘው ልኩ መካከል ላይ ነው። በአንድ እንክብል ግን በኪሎ 40 ዩኒት ብቻ እያገኘች ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ለሐኪሟ ይንገሩና ወደ ታዘዘው ይመለሱ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ መደንገጡ አያስወቅሰውም። ጤነኛ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኢ 15 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ለሌላ ሰው 2,000 ዩኒት እውነትም ብዙ ነው። የሚያለያየው የሚዋጠው ሳይሆን የሚገባው ነው።

ስብ፣ በስብም የሚሟሙት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ፣ ከአንጀት የሚወጡት ካይሎማይክሮን በሚባል ጥቃቅን የስብ እሽግ ተጭነው ነው። እሽጉን የሚያስረው ኤምቲፒ የተባለ ፕሮቲን ነው። በሽታው በሕክምና መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሰንና ኮርንዝዋይግ በተባሉ ሐኪሞች ሲሆን፣ የጎደለው ኤምቲፒ መሆኑ የታወቀው ግን በ1992 ነው። በልጅዎ ሆድ ምግቡ በሚገባ ይፈጫል፤ ስቡም እስከ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ድረስ ይገባል። እዚያ ሲደርስ የሚጭነው ያጣል። መናኸሪያው በሰው ሞልቶ አውቶቡስ እንደጠፋ ዓይነት ነው።

ቫይታሚን ኢ ከሌሎቹ የሚብስበት ምክንያት አለው። ኤ አንዴ ጉበት ከደረሰ በደም ውስጥ የሚያዞረው የራሱ ተሸካሚ ፕሮቲን አለው፤ ዲም እንዲሁ። ኢ ግን የራሱ የለውም። ጉበት በሚሠራው ሌላ የስብ እሽግ ላይ ነው የሚሳፈረው፤ ያንን እሽግ የሚያስረውም ያው የጎደለው ኤምቲፒ ነው። ስለዚህ አንጀት ላይም ጉበት ላይም በሩ ተዘግቶበታል። በጎን በኩል ሾልኮ የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ያ ጥቂት እንዲበቃ ብዙ መስጠት ግድ ይላል። ካይሎማይክሮን ሪቴንሽን በሚባለው ቅርብ ዘመዱ በሆነ በሽታ የጉበቱ በር ክፍት ነው፤ በዚያ በሽታ በኪሎ 50 ዩኒት አካባቢ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የበሽታውን ስም በትክክል ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

የሌሎቹ ቫይታሚኖች አቆጣጠር የተለያየ ነው፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ኤ በኪሎ ከ100 እስከ 400 ዩኒት በቀን ነው፤ ለልጅዎ ከ1,000 እስከ 4,000። ዲ በኪሎ አይባዛም፤ በጥቅሉ በቀን ከ800 እስከ 1,200 ዩኒት ነው። ኬ በሚሊ ግራም ይቆጠራል፤ በሳምንት በድምሩ ከ5 እስከ 35 ሚሊ ግራም። የሳምንቱን በቀን የሰጠ፣ የቀኑን በሳምንት የሰጠ ወላጅ አይጠፋም። ማዘዣው ላይ «በኪሎ»፣ «በቀን»፣ «በሳምንት» የሚሉት ቃላት ተለይተው መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ ካልተጻፉ እዚያው ሐኪሙ ፊት ያስጽፉ። ልጅቷ ኪሎ በጨመረች ቁጥርም ስሌቱ ይታደሳል። በሁለት ዓመቷ የታዘዘላትን በአምስት ዓመቷ የምትውጥ ልጅ መጠኗ ተቀንሶባታል ማለት ነው።

ኢ ሲጓደል ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ያዘናጋል። መጀመሪያ ሐኪሙ ጉልበቷን በመዶሻ ሲመታ እግሯ መንጠር ያቆማል። ከዚያ እግሯ የት እንዳረፈ ሳታይ ማወቅ ይሳናታል፤ ቆይቶ አረማመዷ ይንገዳገዳል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከኤ ጉድለት ጋር ሲደመር ዳፍንት ይጀምርና የዓይን ሬቲና ይጎዳል። የሞተ ነርቭ ደግሞ በኋላ በሚዋጥ እንክብል አይመለስም። ገና በሕፃንነት ተጀምሮ ሳይቋረጥ ከተሰጠ ግን አብዛኛውን መከላከል ይቻላል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፤ በደም ምርመራ የቫይታሚን ኢ ቁጥሯ መደበኛው ላይ አይደርስም። ተሸካሚው ስለሌለ ደሟ ውስጥ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይታያል። ወረቀቱን ያየ ሰው «አልሠራም» ብሎ እንዳያስቆምዎት፣ ወይም ቁጥሩን መደበኛ ለማድረግ ሲል ያለ ልክ እንዳይጨምር።

ጥያቄ፦ እንክብሉን መዋጥ አትችልም። ቆርጬ ወተት ጡጦ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ግን ጡጦው ላይ ዘይት ተጣብቆ አያለሁ። (ከላይ የጠየቁት እናት)

መልስ፦ ያዩት ዘይት መድኃኒቱ ነው። ከጡጦ፣ ከአትሚትም ሆነ ከጭማቂ ጋር ሲቀላቀል ዕቃው ላይ ይቀራል፤ ልጅቷ ግማሹን ከተወችው ደግሞ ምን ያህል እንደወሰደች አይታወቅም።

እጅዎን ታጥበው፣ በንጹሕ መቀስ የእንክብሉን ጫፍ ቀድደው፣ ትንሽ ማንኪያ ላይ ባለ ጥቂት የተፈጨ ሙዝ ወይም ድንች ላይ ይጭመቁት። የመጀመሪያው ጉርሻ እሱ ይሁን፤ ከዚያ ምግቧን ትቀጥላለች። ባዶ ሆድ ላይ አይስጡ። የዕለቱን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይክፈሉት፤ አምስቱን ባንዴ መስጠት ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። በጠብታ መልክ የሚመጣ ከውኃ ጋር የሚቀላቀል ዝግጅት ካገኙ ለሕፃን እሱ ይመቻል፤ ግን የአንዱ ሚሊ ሊትር ስንት ዩኒት እንደሆነ ሳያዩ በእንክብሉ አይለውጡ። መለኪያው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሁን፤ የቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል።

የብረት ሽሮፕ ከታዘዘላት ከቫይታሚን ኢ ጋር ባንድ ሰዓት አይስጡ፤ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ያድርጉት። ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው የፓራፊን ዘይት በስብ የሚሟሙትን ቫይታሚኖች ይዞ ስለሚወጣ ለእሷ አይሆንም።

ማስቀመጫውንም እንጨምር። የእንክብሉ ማሸጊያ ብዙ ጊዜ ከ25 ዲግሪ በታች ይላል። የሐዋሳ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከዚያ ያልፋል። መስኮት ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ፍሪጅ አናት ላይ አያስቀምጡ። እንክብሎቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ ወይም ማንኪያ ላይ የጨመቁት ዘይት እንደቆየ ቅቤ ከሸተተ አይስጧት።

ጥያቄ፦ አያትየው «ልጅቷ የከሳችው ቅቤ ስላጣች ነው» ብለው ጠዋት ጠዋት ቡላ በቅቤ ያበሏታል። ከሰዓት ደግሞ የአቮካዶ ጭማቂ። እኔ ስከለክል ቤቱ ጠብ በጠብ ይሆናል።
አባት፣ ሐይቅ ዳር

መልስ፦ አያት ያሳደጉት ጤነኛ ልጅ በቅቤ ወፍሮ ስላዩ ነው የሚሟገቱት፤ ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ቁጥሩን ያሳይዋቸው።

ከምግቡ ጉልበት ውስጥ ስብ ከ30 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ብዙ ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው ሆዳቸው የሚረጋው። በቀን 1,000 ካሎሪ ለምትበላ ልጅ 15 በመቶ ማለት 17 ግራም ገደማ ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከ13 እስከ 14 ግራም ነው። የግማሽ ትልቅ አቮካዶ ሥጋ፣ 100 ግራም ያህሉ፣ 15 ግራም ነው። ቁርስና መክሰስ ብቻውን የቀኑን አልፎ ሄደ። ያ ስብ ሰውነቷን አይገነባም፤ አንጀት ውስጥ ቀርቶ ተቅማጥ ይሆናል፤ ሲወጣም ካልሲየምና ቫይታሚን ይዞ ይወጣል። የሚያከሳት እንዲያውም እሱ ነው።

ቡላው አይከልከል፤ ጥፋቱ የላዩ ቅቤ እንጂ ቡላው ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ስብ በወጣለት ወተት ወይም በአሬራ ይሠራላት፤ አሬራው በደንብ የተናጠና ቅቤው የወጣለት ይሁን። ቡላ ብቻውን ግን ስታርች ነው፤ ገንቢ ምግብ አጠገቡ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሐዋሳ መኖራችሁ ይጠቅማችኋል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ስቡ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥሬው በ100 ግራም ከ2 ግራም አይበልጥም። በሽንኩርትና በቲማቲም ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ ይሰጣት። ሐይቁ ዳር ተጠብሶ የሚሸጠው ግን ዘይት ውስጥ የዋኘ ስለሆነ አይቆጠርም። አምባዛ ከቆሮሶ ይልቅ ቅባት አለው። ምስር ክክ፣ ሽሮ፣ የእንቁላል ነጩ፣ ድንች፣ ሙዝ ይስማሟታል፤ ሽሮው ላይ የሚጨመረውን ዘይት ግን በዓይን ሳይሆን በማንኪያ ይለኩ።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ስብን ጨርሶ ዜሮ ያደርጉታል። ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው ስቦች ስላሉ ያም ጉዳት አለው። በቀን ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ የአትክልት ዘይት፣ በየምግቡ ተከፋፍሎ፣ ያስፈልጋታል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ለዚህ ጥሩ ነው። የፓልም ዘይት ግን የሚፈለገው ስብ አነስተኛ ስለሆነበት ቦታውን አይተካም። ዘይቱን ማሰሮ ውስጥ ከጨመሩት ማን ስንት እንደበላው አይታወቅም፤ የልጅቷን ሳህን ላይ ጠብ ያድርጉት። የቫይታሚኗ ሰዓትም ከዚህ ምግብ ጋር ይሁን። ጎመንና ካሮት ይብሉ፤ ግን በካሮት ተማምኖ እንክብል መተው አይሆንም፤ የካሮቱም ቀለም ለመግባት ያንኑ የጎደለ ማጓጓዣ ይፈልጋል።

ኤምሲቲ የሚባል ልዩ ዘይት ከውጭ እናስመጣ የሚሉም አሉ። በሌሎች የስብ አለመመጠጥ ችግሮች ይጠቅማል። በዚህ በሽታ ግን ከጉበት ጠባሳ ጋር ተያይዞ የተዘገበ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይጀመር።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ቫይታሚን ኢ ላከልን። አንዱ ብልቃጥ 180 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 268 ሚሊ ግራም ይላል። የእኛ ማዘዣ 400 ዩኒት ነው የሚለው። የቱ ነው ትክክል?
አንባቢ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሁለቱም 400 ዩኒት ናቸው። የተፈጥሮው ዓይነት 1 ዩኒት 0.67 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ በአሜሪካ መለያ 0.45። 400 ሲባዛ በ0.67 ነው 268 የመጣው፣ በ0.45 ደግሞ 180። ከንጥረ ነገሩ ስም ፊት «d» (ዲ) የሚል ፊደል ብቻ ካለ የተፈጥሮው፣ «dl» (ዲኤል) ካለ ሰው ሠራሹ ነው። ሌሎቹም ይለያያሉ፤ 40 ዩኒት ቫይታሚን ዲ 1 ማይክሮ ግራም ነው፣ 1 ዩኒት ቫይታሚን ኤ ደግሞ 0.3 ማይክሮ ግራም።

ዘመድ ሲልክ አብሮ የሚመጣውንም ይፈትሹ። የኮድ አሳ ጉበት ዘይት ውስጥ ኤ እና ዲ አለ፤ መልቲ ቫይታሚንም ውስጥ ኤ አለ። ሁለቱን ከታዘዘለት ኤ ጋር ባንድ ላይ የሚወስድ ልጅ ሳይታወቅ የኤ መጠኑ ይደራረባል። ኢ ሲበዛ ብዙ አይጎዳም፤ የሚፈራው የኬን ሥራ አዳክሞ መድማት ማምጣቱ ስለሆነ ኬ አብሮ መሰጠቱ አይዘለል። ኤ ግን ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የቆዳ መላላጥ ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የኤ መጠን በመደበኛው የታችኛው ወገን እንዲሆን ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለዘመቻ ስትመጣ ለልጄ ቀዩን የቫይታሚን ኤ እንክብል ልትሰጠው ነበር። በየቀኑ ኤ ይወስዳል ብዬ ከለከልኩ። አጠፋሁ?
እናት፣ ሀዌላ ቱላ

መልስ፦ አላጠፉም፤ ግን ነገሩን በመከልከል ብቻ አይተዉት። ቀዩ 200,000 ዩኒት ነው፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ ይሰጣል፤ ሰማያዊው 100,000 ሲሆን ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት ነው። የእርስዎ ልጅ በሐኪም የተለካ የየቀን መጠንና የደም ክትትል ስላለው፣ ይጨመርለት አይጨመርለት የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ነው። የሚወስዳቸውን ቫይታሚኖች ከነመጠናቸው በአንድ ወረቀት ጽፈው ከክትባት ካርዱ ጋር ያኑሩ። ጤነኛ ወንድሞቹና እህቶቹ ግን እንክብሉን ይውሰዱ፤ የእሱ ጉዳይ እነሱን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና የለንም። ታዲያ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከየት መጣ?
አባት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ዝምድና ዕድሉን ያሰፋዋል እንጂ ግድ አይደለም። እያንዳንዳችሁ አንድ የተበላሸ ቅጂና አንድ ደህና ቅጂ ይዛችኋል፤ ደህናው ስለሚበቃ እናንተን አላመማችሁም። ሁለቱ የተበላሹ ቅጂዎች ባንድ ልጅ ሲገናኙ ነው በሽታው የሚወጣው። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከ4 አንድ ነው፤ አንድ ታማሚ ስለወለዳችሁ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም፣ ዕጣው በየጊዜው አዲስ ነው። ለተወለዱት ታናናሾች የኮሌስትሮልና የትራይግሊሰራይድ ምርመራ ይጠይቁ፤ ሁለቱም እጅግ ዝቅ ካሉ፣ በማይክሮስኮፕም እሾህ ያበቀሉ የሚመስሉ ቀይ የደም ሴሎች ከታዩ ቫይታሚኑ ሳይዘገይ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው። ለማርገዝ አስበናል። ቫይታሚን ኤ ለጽንስ አደገኛ ነው ሲሉ ሰምቼ አቆምኩ።
አንባቢ፣ አዲስ ከተማ

መልስ፦ ማቆምዎ ከመውሰድዎ ያላነሰ ያሰጋል። በቀን ከ10,000 ዩኒት ያለፈ የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ በእርግዝና መጀመሪያ ለጽንስ አካል መዛባት ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ እውነት ነው። ኤ ማጣት ደግሞ ለእርስዎ ዓይንም ለጽንሱም ጉዳት ነው። የተለመደው አካሄድ ከማርገዝ በፊት ደም ተመርምሮ መጠኑን በግማሽ ያህል መቀነስና በእርግዝናው ሁሉ ቁጥሩን መከታተል ነው። ኢ፣ ዲ እና ኬ አይቋረጡም። ከመውለድዎ በፊት የደም መርጋት ምርመራ ያድርጉ፤ ኬ ሳይበቃዎ ምጥ እንዳይይዝዎ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለበት፤ ኢንዛይም ይወስዳል። እኛ ቤት ላለችው የኤቤታሊፖፕሮቲኔሚያ ታማሚ ከሱ ብናካፍላትስ?

መልስ፦ አይጠቅማትም። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚጎድለው ከቆሽት የሚመጣው ስብ ፈጪ ኢንዛይም (ሊፔዝ) ነው፤ በእሷ ግን መፍጨቱ ደህና ነው፣ የጠፋው ማጓጓዣው ነው። ለልጁ ደግሞ ስብ መቀነስ አይመከርም፤ ኢንዛይሙን እየወሰደ በደንብ መብላት አለበት። መጠኑ በአንድ ምግብ በኪሎ ከ500 እስከ 2,500 የሊፔዝ ዩኒት ነው፣ በቀን በኪሎ ከ10,000 አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከትልቁ አንጀት ጥበት ጋር ተያይዟል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የቀኑ ጣሪያ 150,000 ነው። በምግቡ መጀመሪያ ይሰጥ፤ ፍሬዎቹ አይፈጩ፣ አይታኘኩ፤ እንክብሉን መዋጥ ካልቻለ ጎምዘዝ ባለ የተፈጨ ፍራፍሬ ላይ በትነው ወዲያው ያጉርሱት። ቫይታሚኖቹን ኢንዛይም ከሚወስድበት ምግብ ጋር ካልዋጠ ግን የቫይታሚኑ ብር በሰገራ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ክትትሉ በስንት ጊዜ ነው? ከሐዋሳ አዲስ አበባ መመላለሱ ከበደን።

መልስ፦ በየ6 ወሩ፣ ሲረጋጋ በዓመት አንዴ። ኪሎና ቁመት፣ የነርቭ ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ፣ የደም መርጋት፣ የደም ቆጠራና የዓይን ምርመራ በሪፈራል ሆስፒታል ደረጃ ስለሚሠሩ መጀመሪያ እዚሁ ይጠይቁ። ተራ ላቦራቶሪ የማይሠራው የቫይታሚን ኤ እና ኢ ልኬት ነው፤ ናሙናው ብርሃን ስለሚያበላሸው ከተቀዳበት ጊዜ ጀምሮ ተሸፍኖ መላኩን ይጠይቁ። ልጁ ያለ ምክንያት ከደማ፣ ወይም ድዱና አፍንጫው መድማቱን ካላቆመ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ኬ በመርፌ ሊያስፈልገው ስለሚችል ያን ቀኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።